ወንዝ የሚወቅጥላት የሸክላ መንደር

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ጃፓን ሲባል ቶሎ በሐሳባችሁ የሚመጣው መኪናው፣ ራዲዮው፣ እንደ ጥይት የሚከንፈው ባቡሩ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአገሪቱን አንድ ገጽ ብቻ አይቶ መጽሐፉን እንደ መክደን ይቈጠራል። ስለዚህ ዛሬ ከትልቁ ጐዳና እንውጣና በተራራ መካከል ወደ ተሸሸገች፣ በሸክላ ሥራ ወደምትኖር አንዲት ትንሽ መንደር እንሂድ። ስሟ ኦንታ ይባላል። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኦንታ የምትገኘው ከጃፓን ታላላቅ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በኪዩሹ ነው። ከፉኩኦካ በባቡር ተሳፍራችሁ ሒታ ከምትባለው ከተማ ትወርዳላችሁ። ከዚያም በአውቶቡስ ወይም በኪራይ መኪና፣ ጥድ የሚመስሉ ረጃጅም ዛፎች የሞሉበትን ጠመዝማዛ መንገድ ይዛችሁ ወደ ሰሜን ትወጣላችሁ። አውቶቡሱ በቀን የሚመላለሰው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድማችሁ መጠየቅ አትርሱ። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚኖሩበት ሰፈር ሳራያማ ይባላል፤ ትርጓሜውም የሳሕን ተራራ ማለት ነው።

መንደሯን ገና ሳታዩአት ድምፅዋን ትሰማላችሁ። ድም ይላል፤ ዝም ይላል፤ ጥቂት ቈይቶ ደግሞ ድም ይላል። ከዚህ ሲመታ ከዚያ ይመልሳል። ይህ ድምፅ ካራኡሱ የሚባለው የውኃ ሙቀጫ ድምፅ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ወፍራምና ረጅም ግንድ መካከሉ እንደ ሚዛን በአግዳሚ ላይ ይቀመጣል። አንደኛው ጫፍ እንደ ገንዳ ተቦርቡሯል፤ በሌላው ጫፍ ዘነዘና ተተክሏል። ከወንዙ በቦይ የተጠለፈው ውኃ ገንዳውን ሲሞላው ያ ወገን በክብደቱ ይወርዳል፤ ዘነዘናውም ይነሣል። ወዲያው ገንዳው አዘንብሎ ውኃውን ያፈስሳል፤ ያን ጊዜ ዘነዘናው ይወድቅና ከሥሩ ያለውን ደረቅ አፈር ይወቅጠዋል። የሚገፋው ሰው የለም፤ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ሌሊትም አያንቀላፋም። በ1996 የጃፓን መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሊጠበቁ ይገባቸዋል ያላቸውን መቶ የአገሩን ድምፆች መርጦ ሲመዘግብ የዚህ ሙቀጫ ድምፅ አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል።

አፈሩ ከዚያው ከመንደሩ ተራራ ይቈፈራል። ቤተ ሰቦቹ ቍፋሮውን በኅብረት ያካሂዱና በእኩል ይካፈሉታል። ከደረቀ በኋላ ሳምንታት ሙሉ በወንዙ ሲወቀጥ ይሰነብታል። ቀጥሎ በውኃ ይበጠበጣል፣ ይጣራል፣ ይዘቅጣል፣ ውኃው እስኪመጥለት ይደርቃል። በዚህ አድካሚ ሥራ የቤቱ ሴቶች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ጭቃው ከተሰናዳ በኋላ ባለ እጁ በእግሩ በሚገፋው መንኰራኩር ፊት ተቀምጦ ሳሕኑን፣ ማሰሮውን፣ የሻይ ማንቈርቈሪያውን ያወጣል።

የኦንታን ዕቃ ከሌላው የሚለየው ጌጡ ነው። ጠቈር ባለው ሸክላ ላይ ነጭ የጭቃ ውኃ ይቀቡታል። ጠንከር ሲል ዕቃውን በመንኰራኩሩ ላይ እያሽከረከሩ ከአሮጌ ሰዓት ሞላ የተሠራ ቀጭን ብረት ጫፉን ያስነኩታል። ብረቱ እየዘለለ ነጩን ይጭረዋል፤ ሥሩ ያለው ጥቍር ሸክላ ብቅ ይላል። እንደ ዶሮ ጭረት ያለ ሺህ ነጥብ በዙሪያው ተሰልፎ ይቀራል። ይህን የሚያደርገው በዐይንና በእጅ ብቻ ነው፤ መለኪያ የለውም። ከዚያም ከእንጨትና ከሩዝ ገለባ አመድ የተሰናዳ፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ቅብ ይደረግበትና በተረተሩ ላይ እንደ ደረጃ በተያያዙት የእሳት ክፍሎች ውስጥ ይጠበሳል። እሳቱም የሚነድደው በእንጨት ነው።

እንግዲህ ይህ መቼ ተጀመረ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በ1705 ያናሴ የሚባል ሸክላ ሠሪ ኮይሺዋራ ከምትባለው ከጎረቤት መንደር መጣ። የኩሮኪ ቤተ ሰብ ገንዘቡን አወጣ፤ የሳካሞቶ ቤተ ሰብ መሬቱን ሰጠ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም በመንደሩ የምታገኟቸው የቤት ስሞች በብዛት እነዚሁ ናቸው። አያቶቻቸው ግማሽ ገበሬ፣ ግማሽ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የሚሠሩትም ለባላገሩ የሚሆን የውኃ ጋን፣ የአትክልት ማቈያ ማሰሮና የመፍጫ ሳሕን ነበር።

ዝናው የመጣው ከውጭ ነው። ተራ ሰው ለተራ ኑሮ የሚሠራው ዕቃ የራሱ ውበት አለው እያለ ያስተምር የነበረው ስመ ጥሩ ጃፓናዊ ጸሐፊ ያናጊ ሶኤትሱ በ1931 መንደሯን ጐበኘና ስለ እርሷ ጻፈ። በ1954 ደግሞ እንግሊዛዊው የሸክላ ጥበብ ሊቅ በርናርድ ሊች መጥቶ በመንደሯ ሰነበተ፤ ከባለ እጆቹም ጋር ሠራ። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው፣ አገር ጐብኚውና ዕቃ ሰብሳቢው መንገዱን ለመዱት። ትናንት የባላገር ማሰሮ የነበረው በከተማ ሱቅ የሚፈለግ ዕቃ ሆነ።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዋናው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ገበያው ከሠሪው ሲበልጥ ምን ይደረጋል? መልሱ ለብዙዎቻችን ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ መፍጫ ይተከላል፤ ሠራተኛ ይቀጠራል፤ ምርቱ በእጥፍ ያድጋል። እናቲቱ መንደር ኮይሺዋራ ዘመናዊውን መሣሪያ አልናቀችም፤ ከውጭ ለመጣ ተማሪም በሯን ከፈተች። የዛሬዎቹ ምድጃዎቿ ከኦንታ ብዙ እጥፍ ናቸው፤ ይህንንም በማድረጓ የሚነቅፋት ሊኖር አይገባም። ኦንታ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። ሙቀጫው በወንዝ እንዲሠራ፣ መንኰራኩሩ በእግር እንዲገፋ፣ ሙያውም ከአባት ወደ አንድ ልጅ ብቻ እንዲተላለፍ፣ ከውጭም ሠራተኛ እንዳይገባ አጸናች። ሸክላ የሚሠሩት ቤቶች ዛሬ ከአሥር አይበልጡም። በዕቃው ሥርም ባለ እጁ ስሙን አይጽፍም።

ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ሙቀጫው መመለስ ነው። ወንዙ በወር የሚወቅጠው አፈር የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ የሚሠራውም ዕቃ የተወሰነ ነው። አንዱ ጎረቤት ከሌላው እጅግ ልቆ ልክበር ቢል እንኳ ውኃው አይፈቅድለትም። ኤሌክትሪክ የገባ ዕለት ግን ገንዘብ ያለው ብዙ ይፈጫል፣ ብዙ ይሸጣል፤ የሌለው ወደ ኋላ ይቀራል። ያን ጊዜ አፈሩን በእኩል መካፈሉም፣ ምድጃውን በኅብረት ማንደዱም ይፈርሳል። እንግዲህ ወንዙ አፈር ብቻ ሳይሆን ምቀኝነትንም ይወቅጣል ማለት ነው። በ1995 የጃፓን መንግሥት የኦንታን ሙያ ከታላላቅ የአገሩ ቅርሶች አንዱ ብሎ ሲመዘግበው ማዕርጉን የሰጠው ለአንድ ሊቅ ሳይሆን በኅብረት ለቆሙት ለመንደሩ ባለ እጆች መሆኑም ያለ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ነገሩን በማር ብቻ ቀብተን ብናቀርብላችሁ እውነቱን መደበቅ ይሆናል። ሙያው ለአንድ ልጅ ሲሰጥ ሌላው ልጅ፣ እጁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እንጀራውን ከመንደሩ ውጭ ይፈልጋል። የተመረጠውም ልጅ ቢሆን የሕይወቱ መንገድ ገና በልጅነቱ የተቈረጠ ነው። ወራሽ ያጣ ቤት ምድጃው ይቀዘቅዛል፤ በእርሱ ምትክ የሚገባ እንግዳ የለም። ወንዙም ቢሆን ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። በ2012 በጁላይ ወር፣ ደግሞም በ2017 በዚያው ወር በሰሜን ኪዩሹ የወረደው ኃይለኛ ዝናብ ጐርፍና ናዳ አምጥቶ ሙቀጫዎቹን ሰባበረ፤ የአፈሩንም ሥፍራ ጐዳ። ባለ እጆቹ ግንዱን እንደገና ጠርበው፣ ቦዩን እንደገና ቀድደው ድምፁን መለሱት። በሚመቸው ጊዜ ወደ መኪና መፍጫ ለመዞር ከዚያ የተሻለ ሰበብ አይገኝም ነበር፤ እነርሱ ግን አልዞሩም።

ለመሄድ ዕድል ያላችሁ እንደሆነ ጥቂት ምክር እንስጣችሁ። በኦክቶበር ወር መንደሩ የሸክላ በዓል አለው፤ ያን ጊዜ ዕቃው በየደጁ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ሰውም ይበዛል። ጸጥታ የምትወድዱ ግን በሌላ ቀን ሂዱ። በደጅ በጣውላ ላይ ተደርድሮ የሚደርቀውን ዕቃ በእጃችሁ አትንኩ፤ ገና ጭቃ ነው። ባለ እጁን በሥራው ላይ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ። በመንደሩ ካለው ትንሽ የሸክላ ቤተ መዘክር ገብታችሁ የጥንቱን ማሰሮ ከዛሬው ጋር አስተያዩት።

ከሁሉ በፊት ግን ከአንድ ሙቀጫ አጠገብ ቁሙና ገንዳው ሞልቶ እስኪፈስስ፣ ዘነዘናውም እስኪወድቅ ታግሣችሁ ቈጥሩ። ከዚያ በኋላ የአንዲቱን ሳሕን ዋጋ ሲነግሯችሁ ተወደደ ብላችሁ የምትከራከሩ አይመስለንም።