አጽናኞቹ ከሟቾቹ ጋራ በሞቱበት መንደር

በአገራችን ሞት የገባበት ቤት ብቻውን አይቀርም። መርዶ ነጋሪው ገና ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎችን ይዞ ይሄዳል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት እንጀራውን ጋግሮ ወጡን ሠርቶ ያመጣል፤ ዘመድም ባዳም መጥቶ ከሐዘንተኛው ጋራ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሐዘኑ አንዱን ቤት ሲነካ የቀረው መንደር በደኅና ስለሚገኝ ነው። መንደሩ በሙሉ ባንድ ቀን ሐዘንተኛ የሆነ እንደሆነስ ድንኳኑን የሚተክል፤ እንጀራውንስ የሚጋግር ማነው? ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው ነገር ይኸው ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ፤ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በሚባለው ቀበሌ የሆነውን አልረሳችሁትም። ብዙ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ወሬውን የሰማ ሁሉ፤ አካፋ ያለው በአካፋው፤ የሌለው በእጁ፤ የተቀበሩትን ሊያወጣ ሲቆፍር መሬቱ ሁለተኛ ተናደና ረጂዎቹን ከተረጂዎቹ ጋራ ቀበራቸው። የሟቾቹም ቍጥር ከ 200 በላይ ሆነ። ከእነርሱም ውስጥ ለርዳታ የሮጡት የቀበሌው አስተዳዳሪ፤ መምህራን፤ የጤናና የእርሻ ባለሙያዎች ይገኙባቸዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን እንዲሆን ዐወጀ።

እንግዲህ ልብ ብለን ስንመለከተው፤ በሁለተኛው ናዳ የሞቱት በልቅሶ ቀን ቀድመው ይደርሱ የነበሩት ሰዎች ናቸው። በጭንቅ ጊዜ የሚሮጥ ሰው ሁልጊዜ ያው ነውና። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ መዓት የተረፈ ሰው ሸክሙ ሁለት ነው። አንደኛው የሞቱበት ቤተ ሰዎቹ ሐዘን ነው፤ ሁለተኛው ግን «ጩኸቴን ሰምቶ የመጣው ጎረቤቴ በኔ ምክንያት ሞተ» ወይም «እኔ ለምን ዘግይቼ ደረስሁ» የሚል የልብ ክስ ነው። ይህ ክስ በምስክር አይረታም። «አንተ ምን አጠፋህ? ተራራውን የናድኸው አንተ ነህን?» ብሎ መከራከርም አፉን ይዘጋዋል እንጂ ልቡን አያሳርፈውም። ነገሩን አሥር ጊዜ ቢደግመው አሥር ጊዜ መስማት ይሻላል።

የዓለም የጤና ድርጅት ከሌሎች ማኅበሮች ጋራ በመተባበር በአውሮጳ አቈጣጠር በ 2011 ዓመት ባሳተመው መምሪያ፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንኳ አደጋ ለደረሰበት ወንድሙ ሊያደርገው የሚችለውን ርዳታ በሦስት ቃላት አሳጥሮታል፤ ማየት፤ ማዳመጥ፤ ማገናኘት። ማየት ማለት አስቀድሞ ስፍራው የማያሰጋ መሆኑን መመርመር ነው፤ ይህ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የጎፋው ናዳ አሳይቶናል። ማገናኘት ማለት የተጐዳውን ሰው ከዘመዱ፤ ከምግቡ፤ ከመጠለያውና ከሐኪሙ ጋራ ማድረስ ነው። የሚከብደን መካከለኛው ነው። ማዳመጥ ማለት «ያየኸውን ሁሉ ንገረን» ብሎ ማስጨነቅ አይደለም፤ ሊናገር ሲወድ መስማት፤ ዝም ሲልም አብሮ ዝም ማለት ነው። እኛም ልቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥን ከአባቶቻችን ተምረን ነበር፤ አሁን ግን ገና ሳንቀመጥ «አይዞህ፤ እግዚአብሔር የወደደውን አደረገ፤ በቃ አታልቅስ» ብለን ሰዓታችንን አይተን መነሣት አብዝተናል። ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከመቀመጡ በፊት መምጣቱ ነው።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ናችሁና ይህነን ደግሞ እንጨምር። አደጋ በደረሰበት ስፍራ መዝገብ ያዡ ብዙ ነው። አንዱ ለዱቄቱ፤ አንዱ ለብርድ ልብሱ፤ አንዱ ለመጠለያው እያለ ያንኑ ሐዘንተኛ «ስንት ሰው ሞተብህ? ስማቸውስ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው በአንድ ቀን ልጆቹን ሦስት ጊዜ ይቀብራል ማለት ነው። አንድ ጸሐፊ አስቀምጦ አንድ ጊዜ በሚገባ ጽፎ ለሌሎቹ መገልበጥ ገንዘብ የማይጠይቅ ርኅራኄ ነው።

ሬሳው ያልተገኘለት ሰው ነገርም የተለየ ነው። መቃብር ያላየ ልብ ሞቱን አይቀበልም፤ በር በተንኳኳ ቍጥር ይነሣል። እንዲህ ያለውን ሰው «ቍርጥህን ዕወቅ» ብሎ ማስቸኰል አይገባም። ነገር ግን በያገሩ ልማድና በያሃይማኖቱ ጸሎቱ እንዲደረስ፤ የሟቾቹም ስም በአደባባይ እንዲጠራ፤ ሽማግሌዎችና ካህናት ቢመክሩበት ለሐዘኑ ስፍራ ይሰጠዋል። እንቅልፍና እህል እምቢ ብሎት ወራት የቈየውን፤ ይልቁንም ሞቱን የሚመኘውን ሰው ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ጸበሉ ሐኪሙን፤ ሐኪሙም ጸበሉን አይከለክልም።

ርዳታ የሚበዛው በፊተኞቹ ቀናት ነው፤ ጭንቁ ግን ክረምት በመጣ ቍጥር ይመለሳል። በ 1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ 200 በላይ ሰው በገደለ ጊዜ፤ እናቱን ያጣ አንድ ልጅ በምናውቀው ቤት ገብቶ አደገ። ልጁ ቀን ቀን ይጫወታል፤ ትምህርቱንም ይማራል፤ ሰማዩ የጠቈረ ማታ ግን ጫማውን እንዳሰረ ይተኛል። የቤቱ እመቤት አንሶላው ቈሸሸ እያሉ ብዙ ጊዜ ተቈጡት። አንድ ማታ ግን ቍጣውን ትተው «ልጄ፤ ለምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁት «ለመሮጥ ነው» አላቸው። ከዚያ ወዲህ አልተቈጡትም። ጫማውን አውልቆ ከአልጋው ሥር፤ እጁ በሚደርስበት እንዲያኖረው ፈቀዱለት፤ ዝናብ በበረታ ሌሊትም ፋኖሱን አብርተው እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ አጠገቡ ተቀመጡ። በሦስተኛው ክረምት የልጁ ጫማ በመዝጊያው አጠገብ ከሌሎቹ ልጆች ጫማ ጋራ ተደርድሮ ማደር ጀመረ።