አርባ ምንጭ አድጋለች፤ የምርጫ ክልሏ ወሰንስ?

ባለፉት 25 ዓመታት ገደማ የጋሞ አካባቢ አስተዳደራዊ ካርታ በተደጋጋሚ ተለውጧል። በ1993 ዓ.ም. የሰሜን ኦሞ ዞን ፈርሶ የጋሞ ጎፋ ዞን ተዋቀረ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ጋሞና ጎፋ ለየብቻቸው ዞን ሆኑ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የተካሄደውን ሕዝበ ውሳኔ ተከትሎ የጋሞ ዞን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ሲካተት፣ አርባ ምንጭ የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫ ሆናለች። በወረዳ ደረጃም ጋጮ ባባ ከአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ገረሴም ከቦንኬ ተነጥለው ራሳቸውን ችለዋል።

የምርጫ ክልል ወሰን የሚለወጥበት መንገድ ግን ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ይደነግጋል። የምርጫ ክልሎችን ወሰን የሚወስነውም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ መሠረቱ የቆጠራው ውጤትና የምርጫ ቦርድ የሚያቀርበው ረቂቅ ነው። በመሆኑም አዲስ ዞን ወይም ወረዳ መቋቋሙ ብቻውን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ መቀመጫ አያስገኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ከቆጠራው ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በ1987 ዓ.ም. መባቻ በተደረገው ቆጠራ የአርባ ምንጭ ከተማ ነዋሪ 40 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ወደ 75 ሺህ ተጠግቷል። በዚያው ዓመት ገጠራማው የአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ ከ164 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። የአገሪቱ ሕዝብ በወቅቱ 74 ሚሊዮን ያህል ስለነበር፣ ለ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች ሲካፈል ለአንድ ተወካይ በአማካይ 135 ሺህ ሰው ይደርሳል። ዛሬ ሕዝቡ ከ100 ሚሊዮን ማለፉ ሲታሰብ፣ አማካዩ ከ180 ሺህ ይበልጣል። ሕገ መንግሥቱ የመቀመጫዎቹ ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ስለገደበ፣ ለአንዱ አካባቢ መቀመጫ መጨመር በአብዛኛው ከሌላው መቀነስን ይጠይቃል። ከድልድሉ ጀርባ ያለው ፖለቲካዊ ክብደትም ይኸው ነው።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከተው በከተማው ጠርዝ የሚኖረውን አርሶ አደር ነው። እንደ ጫኖ ሚሌ፣ ላንቴና ቆላ ሻራ ያሉ ሙዝ አብቃይ ቀበሌዎች ኑሯቸው በመስኖ ውኃና በማሳ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ገበያቸው ግን ከከተማው ጋር የተሳሰረ ነው። ከተማ ሲሰፋ የእርሻ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሊለቀቅ ይችላል፤ የካሳው ሥርዓት የሚመራው ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። አርሶ አደሩ ከከተሜው ጋር በአንድ የምርጫ ክልል ይምረጥ ወይስ ከገጠሩ ጋር የሚለው ጥያቄ፣ ድምፁ በዚያ ምክር ቤት ምን ያህል እንደሚሰማ የሚወስን ነው።

በየደረጃው ያሉ የአስተዳደር አካላት ቀበሌን ከወረዳ ወደ ከተማ ማዛወር ይችላሉ። የውክልናው ሚዛን የሚስተካከለው ግን ቆጠራው ተካሂዶ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ድልድሉን ዳግም ሲመለከተው ነው። እስከዚያው ድረስ ለመራጩም ሆነ ለዕጩው የሚበጀው፣ የአስተዳደር ወሰንና የምርጫ ክልል ወሰን የተለያዩ መሆናቸውን ተገንዝቦ ከምዝገባ በፊት የምርጫ ጣቢያውን ማረጋገጥ ነው።