መጀመሪያ ማመልከቻው፣ ከዚያ ኅትመቱ

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። ከዚያ ምልከታ የተነሣው ምርምር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ቀጠለ፤ በ1989 ደግሞ ለአክሊሉና ለባልደረባቸው ለለገሰ ወልደዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ።

ሽልማቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ፓተንቱ አሜሪካ ቀረ። እንዶድ በዚያ አገር የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ ሙስል የተባለ ባለዛጎል ፍጥረት እንደሚገድል አክሊሉ በተሳተፉበት ሙከራ ሲረጋገጥ፣ መብቱ የተመዘገበው በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው።

የጤፍም ታሪክ ብዙ አይርቅም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ ስምምነት ፈረመች፤ በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በሆላንድ ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው።

እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ሕጉ ቀድሞም አለ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ዓ.ም. ለፈጠራ የ15 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ክፍተቱ ያለው ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ነው። መምህራን የማዕረግ ዕድገት የሚያገኙት በኅትመት ስለሆነ ውጤታቸውን ወደ ጆርናል ለመላክ ይቸኩላሉ። ፓተንት ግን የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ብቻ ነው፤ አስቀድሞ የታተመ ግኝት በአውሮፓ አዲስነቱን ያጣል።

ስለዚህ ጥሪው ለሁሉም ነው።

ተመራማሪዎች የላቦራቶሪ መዝገባቸውን ቀን እየጻፉና እያስፈረሙ ይያዙ፤ ጽሑፍ ከመላካቸው በፊት የዩኒቨርሲቲያቸውን የቴክኖሎጂ ሽግግር ክፍል ያማክሩ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የእነርሱና የአማካሪያቸው ድርሻ ምን እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይጠይቁ። ዘርም ሆነ ናሙና ያለ ውል ከአገር አይውጣ፤ ውጭ አገር ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ምሁራንም በጋራ ምርምር ላይ ይህን ውል ቀድመው የሚጠይቁ ይሁኑ። እንደ አድዋዎቹ ሴቶች ዕውቀቱን ያቆየው ማኅበረሰብ ከሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አስቀድሞ ፈቃዱ እንዲጠየቅና ከጥቅሙ እንዲካፈል ያዛል።

የዩኒቨርሲቲ አመራሮች ደግሞ የአእምሯዊ ንብረት ፖሊሲ ከሌላቸው ያውጡ፤ ካላቸው የማመልከቻ ክፍያውን የሚሸፍን በጀት ይመድቡለት፤ ፓተንትንም እንደ ኅትመት ለማዕረግ ዕድገት ይቁጠሩ።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ይህን ሁሉ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የዘንድሮው የመመረቂያ ጽሑፍ ማቅረቢያ ሳይደርስ መምህራኑን ሰብስበው ከተዘጋጁት ጥናቶች መካከል ለማመልከቻ የሚበቁትን ይለዩ፤ ዝርዝሩንም ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይዘው ይሂዱ።