እጅ ከእጅ የሚቀበለው ጥበብ



በአየርላንድ ምድር፣ ሊሽ በሚባለው አውራጃ፣ የኦወናስ ወንዝ የሚያልፍባት ማውንትሜሊክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቢራ ጠማቂው የሚኖርባት የሙያተኞች መናኸሪያ ነበረች። የፋብሪካ ሸቀጥ ረክሶ ገበያውን ሲሞላው ግን ብዙው ሙያ ወራሽ አጥቶ ቀረ።

በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1825 ገደማ ጆሐና ካርተር የተባለች ሴት ጥቂት ልጃገረዶችን ሰብስባ ነጭ በነጭ ጥልፍ ታስተምር ጀመር። ሐርም ወርቀ ዘቦም አላስፈለጋትም፤ ጨርቁም ክሩም ጥጥ ነው። ጨርቁ የሚያብረቀርቅ፣ ክሩ ግን ወፍራምና የማያብረቀርቅ ስለ ሆነ፣ ቀለም ሳይገባበት ሥዕሉ ጐልቶ ይታያል። ሥዕሉም የዚያው አገር ዕፅዋት ነው፦ የዱር እንጆሪ፣ የዱር ጽጌረዳ፣ የባሉጥ ቅጠልና ፍሬ።

ይህም ጥበብ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ግን የከተማዋ ገዳም አንዲት መነኵሲት አንሥታ ለሴቶች ታስተምረው ጀመር። ገበያ ቢያጣም መምህርት ስላገኘ እስከ ዛሬ ይጠለፋል።

ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ስለምንወቅስ ነው። በወጣትነታችን ብራና የሚፍቁ አንድ አረጋዊ አባት አብረውን ይኖሩ ነበር። ቆዳውን ወጥረው ሲፍቁ ቆመን እናይ ነበር። «ልጆቼ፣ ኑ እጃችሁን አለማምዱ» ሲሉን፣ «ነገ፣ አባታችን» እንላቸው ነበር። እርሳቸው ዐረፉ። መፋቂያቸው ዛሬም በዕቃ ቤታችን አለ፤ ስለቱን ምን ያህል አዘንብለው፣ ምን ያህል ተጭነው ይፍቁ እንደ ነበር የሚያውቅ ግን ከመካከላችን የለም።

ቃልን መጽሐፍ ያቆየዋል፤ የእጅን ልማድ ግን እጅ ከእጅ ካልተቀበለው መጽሐፍ አያቆየውም። እንግዲህ መሶብ የምትሰፉ፣ ጥጥ የምትፈትሉ እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ከአጠገባችሁ አስቀምጡ። እናንተም ልጆች፣ እኛ እንዳልነው «ነገ» አትበሉ።