ፊሽካው በሴቶችም እጅ ይግባ

መከር ተሰብስቦ ሲያበቃ የገጠር ወጣቶች በየሜዳው ኳስ ሲጫወቱና ሩጫ ሲወዳደሩ ማየት የተለመደ ነው። ልጃገረዶች የሚሰለፉበትም ቦታ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ፊሽካ የሚነፋው፣ ሰዓት የሚይዘው፣ ቡድን መርጦ የሚያሠለጥነው በአብዛኛው ወንድ ነው። ሴቷ ትሮጣለች እንጂ አትዳኝም፤ ትሠለጥናለች እንጂ አታሠለጥንም።

ችግሩ የገጠር ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከአሠልጣኞቹ መካከል ግን ሴቶቹ ከመቶ 13 ብቻ ነበሩ።

ችሎታው የላቸውም እንዳይባል ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያዊቷ ዳኛ ሊድያ ታፈሰ በ2007 ዓ.ም. በካናዳ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሣይ በተካሄዱት የሴቶች የዓለም ዋንጫ ውድድሮች በዳኝነት ተሰልፋለች። የሩዋንዳዋ ሳሊማ ሙካንሳንጋ በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን የዚምባብዌንና የጊኒን ግጥሚያ በመምራት በወንዶች የአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያዋ ሴት የመሐል ዳኛ ሆናለች። በአርሲ በቆጂ ገጠር ያደገችው ደራርቱ ቱሉም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ካስገኘች በኋላ፣ ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርታለች።

እንግዲህ የጎደለው ዕድል ነው። ወረዳው ለዳኝነት ወይም ለአሠልጣኝነት ኮርስ ሰልጣኝ ላኩ ሲል ቶሎ የሚታሰበው ወንድ ነው። ሴቷ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ እስክትጨርስ የምዝገባው ቀን ያልፋል። ኮርሱ ከመንደር ርቆ ሲሰጥም፣ ማደሪያና የመመለሻው መንገድ ስለሚያሳስብ ወላጅ ልጁን ለመላክ ያመነታል።

አንዳንዶች «ሴቶቹ ልምድ የላቸውም» ይላሉ። ጀማሪ አራሽ ግን እርፍ ሳይጨብጥ ትልም አያቀናም። ልምድ የሚገኘው በሥራው ላይ ነው።

በመሆኑም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው። ወደ ኮርስ ከሚላኩት መካከል ሴቶች መኖራቸውን ማረጋገጥ፣ ጥሪው አስቀድሞ በየቤቱ እንዲደርስ ማድረግ፣ ርቀው የሚሄዱት ሁለት ሦስት ሆነው እንዲጓዙ ማመቻቸት፣ ከወላጆች ጋርም መነጋገር ከእነርሱ ይጠበቃል። በቀበሌው ውድድር ላይ ልጃገረዶች በመስመር ዳኝነትና በሰዓት ያዥነት ጀምረው ወደ መሐል ዳኝነት እንዲያድጉ ማድረግም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዳኛዋ ስትሳሳት እንደማንኛውም ዳኛ ትታረም እንጂ በሴትነቷ አትሰደብ፤ ይህንንም ማስከበር የመሪዎቹ ኃላፊነት ነው።

ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሃያ ሁለት ተጫዋቾች ፊት ቆማ ፍርድ የሰጠች ወጣት፣ ነገ በውኃ ኮሚቴም ሆነ በማኅበሩ ስብሰባ ሐሳቧን ለመናገር አታፍርም። ሕዝቡም የሴትን ውሳኔ ተቀብሎ መገዛትን ከሜዳው ይለምዳል። ስለዚህ የሚቀጥለው የመንደር ውድድር ሲዘጋጅ የዳኞቹ ስም ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት፣ ሴቶች መኖር አለመኖራቸውን መሪዎቹ አስቀድመው ይመልከቱ።