የፈረንጆቹ 2012፦ የእኔ አምስት አልበሞች

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ሮክ የሚወድ ሰው እንዴት ሽለላም ይሰማል? አይጋጭብህም?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሴ ስለረዘመ ሁላችሁም ታዩት ዘንድ እዚህ ለጠፍኩት።

ለእኔ ሁለቱ የታረቁበት ዓመት የፈረንጆቹ 2012 ነው፤ በእኛ 2004 እና የ2005 መጀመሪያ። ያኔ መተማ ዮሐንስ ላይ አዲስ ዘፈን ማግኘት ማለት ሱቅ ሄዶ ሚሞሪ ማስጫን ነበር። ከአምስቱ በጊዜው የደረሱኝ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ቆይቶ ጎንደር ያለ ጓደኛዬ በፍላሽ ላከልኝ። ደረጃው የግሌ ነው፤ መከራከር ይቻላል፣ መሳደብ ክልክል ነው።

5ኛ. ቴዲ አፍሮ፣ «ጥቁር ሰው»። በፋሲካ ዋዜማ ወጣ፤ በሳምንቱ እዚህ ያልከፈተው ሻይ ቤት አልነበረም። አድዋን የወጣቱ አፍ ላይ ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም። አምስተኛ ያደረግኩት ጠልቼው ሳይሆን የእኔ ምስጋና ስለማያስፈልገው ነው።

4ኛ. ደቦ ባንድ፣ በራሳቸው ስም ያወጡት አልበም። ባንዱ የቦስተን ነው። መሥራቹ ሳክስፎኒስት ዳኒ መኮንን ግን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ሱዳን ውስጥ ነው የተወለደው። ስንቱ በዚህ በእኛ በር ተሰዶ እንደወጣ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ተራ ወሬ አይደለም። ቫዮሊኑ፣ አኮርዲዮኑና ጥሩምባው አብረው ሲነሱ እውነትም ደቦ ነው፤ የሰሊጥ አጨዳ ይመስላል።

3ኛ. ጃኖ ባንድ፣ «ኤርታሌ»። ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። አንዳንዱ ዘፈን ላይ ጩኸቱ ግጥሙን ይውጠዋል፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ቢሆንም ከጊታሩ ሥር የምናውቀው ቅኝት አለ። ሮክ በአማርኛ አይሆንም ይሉ ለነበሩት ጥሩ መልስ ነው።

2ኛ. ክራር ኮሌክቲቭ፣ «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር»። የለንደኑ ተመስገን ዘለቀና ጓደኞቹ ክራሩን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኝተው ከበሮ ጨመሩበት። ክራር ለትካዜ ብቻ ነው ያለን ማን ነው?

1ኛ. ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዱ የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር፣ «የአንበሳው ትዝታ»። ጌታቸው ያኔ ከ75 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሽለላና ፉከራውን በሳክስፎን ያቅራራዋል፤ ፈረንጆቹ ደግሞ ጊታራቸውን ይዘው ከኋላው ይከተሉታል። እሱ ወደ እነሱ አልሄደም፣ እነሱ ናቸው ወደ እሱ የመጡት።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። አባቴ ሠርግ ላይ የሚሸልል ሰው ነው። ተማሪ ሆኜ በዚህ አፍር ነበር፤ ጓደኞቼ ባሉበት ሲጀምር ወጥቼ እሄድ ነበር። ያንን አልበም ማታ ብቻዬን ስሰማ ግን የሰማሁት የአባቴን ድምፅ ነው። ሰው አገር መድረክ ላይ የሚቆም ነገር ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር እኮ!

ስለዚህ አይጋጭብኝም። እነዚህን አልበሞች ጥሩ ያደረጋቸው ጊታሩ አይደለም፣ የራሳቸውን ሳያፍሩ ይዘው መቅረባቸው ነው። ዛሬም ማሲንቆ መምታት እየቻለ ክፍል ውስጥ «አልችልም» የሚል ተማሪ አለኝ። የማን ልጅ እንደሆነ አልናገርም፤ እሱ ራሱ ይህን ሲያነብ ይገባዋል።

ጌታቸው በ2008 አረፈ፤ ድምፁ ግን ተቀድቶ ቀርቷል። የአባቴን ሽለላ የቀዳው ማንም አልነበረም። ባለፈው ፋሲካ ስልኬን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። «ምን ሊያደርግልህ ነው?» እያለ፣ ግን እየሳቀ ሸለለልኝ። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፤ ዘግይቻለሁ።

እናንተ አትዘግዩ። ቤታችሁ ውስጥ የሚሸልል፣ የሚያንጎራጉር፣ ክራር የሚመታ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ቅዱት። የእናንተን አምስት አልበሞች ደግሞ ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ።