ዋልያ በማሊያ ላይ ብቻ?

እ.ኤ.አ. በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ገና ተማሪ ነበርኩ። "ዋልያዎቹ!" እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ጮኸናል። እናላችሁ፣ በሰፈራችን ከጮኸው ሁሉ ዋልያን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ዛሬም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከማሊያና ከቢራ ጠርሙስ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ገደላገደል ውጪ በዓለም ላይ የትም አይኖርም። መካነ አራዊት ውስጥ እንኳ የለም። በኳስ ቋንቋ፣ የተጠባባቂው ወንበር ባዶ ነው። ማዳጋስካር ውስጥ ጅራታቸው ደረቅ ቅጠል የሚመስል እንሽላሊቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከተወሰነ ጫካ ውጪ አይገኙም። እነሱስ ቅጠል መስለው ይደበቃሉ። የኛው ያንን ቀንድ ተሸክሞ የት ይግባ?

ደረስጌን ከታሪክ ክፍለ ጊዜ ታስታውሷታላችሁ፤ ካሳ እ.ኤ.አ. በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ የደፋባት ናት። ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1835፣ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ዋልያን ለሳይንሱ ዓለም አስተዋውቆ ነበር። መታወቁ ግን አላዳነውም። አደኑም፣ እርሻውም፣ ግጦሹም ገደሉ ጫፍ ድረስ ገፉትና በ1960ዎቹ ከ150 እስከ 200 ያህል ብቻ እንደቀሩ ተገመተ። ፓርኩ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ መዘገበው፤ በ1996 ደግሞ "አደጋ ላይ ነው" ብሎ ሌላ መዝገብ ውስጥ ከተተው። ከዚያኛው መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። (እነዚህ ሁሉ ዓመታት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው፤ አትቆጡኝ።)

አገር ደስ አለው። ግን ማን ከፈለ? ፓርኩ ውስጥ ግጭ የምትባል መንደር ነበረች። በመቶዎች የሚቆጠሩ አባወራዎች ገብስ ያበቀሉበትን፣ ከብት ያረቡበትን ቦታ ለቀው ደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደረገ። እስቲ አስቡት፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ የኖረ ሰው አንድ ቀን ተነስቶ ከተሜ ሁን ሲባል! መነሳታቸው ለዋልያው ይጠቅማል የሚለውን አልክድም፤ ግጦሹ መቀነስ ነበረበት። የሚያናድደኝ ዕዳው የገበሬው፣ ስሙ የኛ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። በዋልያ ስም ከሚሸጠው ነገር ሁሉ ላይ ትንሽ ይቆረጥ፤ ከግጭ ለተነሱት፣ ገደሉ ሥር ለሚያርሱትና ብርድ ላይ ለሚያድሩት የፓርኩ ስካውቶች ይድረስ። ከማሊያው 10 ብር፣ ከጠርሙሱ 1 ብር ብትሉኝ ለሁለቱም እጄን አወጣለሁ። ቢራውን ባልጠጣም ማሊያውን እገዛለሁ።